በከንፈራቸው የሚዳስሱት ጸሐፊ

አያ እንድሪስ ማረፋቸውን የነገረኝ የፍርድ ቤቱ ጥበቃ ነው። የደወለልኝ ግን ለዚህ አልነበረም። እኔ አሁን የምኖርበት ደሴ ያለች እህቱ ስልኳን አላነሣ ብላው እንዳፈላልጋት ሊለምነኝ ነበር። ጉዳዩን ከጨረሰ በኋላ ሊዘጋ ሲል፣ «አያ እንድሪስም አለፉ እኮ፤ ሐሙስ ቀበርናቸው» አለኝ። የደወለው ሰኞ ነው። ያ ሁሉ የማውቀው የቆቦ ሰው ለአራት ቀን አንድ ስልክ ሳይመታልኝ ቀረ። መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። ልቅሶው ቆይቶ መጣ።

ስድስት ዓመት በአንድ ክፍል አብረን ሠርተናል። ክፍል ስል ቆርቆሮ ማለቴ ነው፤ ከፍርድ ቤቱ አጥር ጋር ተለጥፎ የተሠራ፣ አንድ በርና እጅ ብቻ የምታስወጣ መስኮት ያለው። የቆቦን ፀሐይ ያልቀመሰ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይገባውም። ከጠዋቱ አራት ሰዓት በኋላ ግድግዳውን መደገፍ አይቻልም፤ ያቃጥላል። እሳቸው የክስ ማመልከቻና አቤቱታ ይጽፋሉ፣ እኔ ፎቶ ኮፒ አነሣለሁ፣ ቅጽ እሞላለሁ። እሳቸው በታይፕ መኪና ዘመን የሠለጠኑ፣ ሠላሳ ዓመት የጻፉ ሰው ናቸው። እኔ የሁለት ወር ኮርስ ይዤ የመጣሁ ነኝ። ይህን ልዩነት ሳያስታውሱኝ የዋሉበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ደንበኛ ሲመጣ መጀመሪያ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ያደርጋሉ። ሰውየው ተናግሮ፣ ደግሞ፣ ምሎ፣ ተገዝቶ እስኪጨርስ ቁልፍ አይነኩም። የሚያለቅስ ካለ፣ «አልቅሺ፣ አብሽሪ። እንባ ግን አይጻፍም፤ ሲያልቅልሽ ቀኑን ትነግሪኛለሽ» ይላሉ። ተሳዳቢ ከመጣ ደግሞ፣ «ስድብ ቆቦ ላይ በሙቀት ይጻፋል፣ ደሴ ይግባኝ ላይ በብርድ ይነበባል። ያን ጊዜ የሚያፍረው ጸሐፊው ነው» ብለው እምቢ ይላሉ። መጻፍ ሲጀምሩ ዐይናቸው ባለጉዳዩ ላይ ነው። ወረቀትም ስክሪንም አያዩም። «ዐይኔን ከላዩ ካነሣሁ መዋሸት ይጀምራል» ይሉኝ ነበር። ጽፈው ሲጨርሱ መልሰው አያነቡም። ታይፕ የመታውን አይበላም፣ የተመታ ፊደል ወረቀቱ ላይ ይቀራል፤ ለምን ይነበባል? ኮምፒውተር ከገባ በኋላም ይህን ልማዳቸውን አልቀየሩም። እኔም አንድ ቀን እንኳ «ያንብቡት» አላልኳቸውም፤ ማን ደፍሮ?

ሐያት የምትባል አንዲት ልጅ ነበረቻቸው፣ ሻርጃ የቤት ሠራተኛ። መንገዱ በተዘጋበት ዓመት፣ ከመኸር በኋላ፣ አንዲት ከዐረብ አገር የተመለሰች ጎረቤት ከሐያት የተላከ ካርቶን አመጣችላቸው። «ኪቦርድ ነው» አሉኝ፤ የደስታቸው ነገር አይነሣ። ጣት ሲያርፍበት እንደ ድሮው ታይፕ የሚናገር፣ ለጣትም መልስ የሚሰጥ ኪቦርድ ፈልጊልኝ ብለዋት ኖሯል። እኔ ቅንጦት መስሎኝ በሆዴ ሳቅሁ። ላፕቶፑ የራሱ ኪቦርድ አለው፤ ልጅቱ በሰው ቤት እየለፋች ይህን ማስቸገር ምን ይሉታል?

ካርቶኑ ሲከፈት ኪቦርድ የለም። አንድ አረንጓዴ ሰሌዳ፣ አንድ ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነ ብረት፣ የአሉሚንየም ሣጥን፣ በላስቲክ ከረጢት የታሰሩ፣ በየቁልፉ ሥር የሚገቡ ሰባ ያህል ትንንሽ ስዊቾች፣ የፊደል ክዳኖች፣ ቀጫጭን ሽቦዎችና መቆንጠጫ ነው ያለው። ሐያት በወረቀት ጽፋለች፦ «አባባ፣ ይኼ ተገጣጥሞ አይመጣም። የአሠሪዬ ልጅ ሥራዬ ብሎ የሚገጣጥመው ነው፣ አንዱን ሰጠኝ። አገጣጠሙን በቪዲዮ እልክልዎታለሁ።» መመሪያ ብሎ የመጣው ካርድ ላይ ደግሞ በስልክ ካሜራ የሚነበብ አራት ማዕዘን ምልክት ብቻ አለ።

በዚያው ሳምንት ኔትወርኩ ጠፋ። ቀጥሎ መብራቱ ሄደ። ከዚያ መንገዱ ተዘጋ፤ በደቡብ ከሮቢት፣ በሰሜን ከዋጃ ወዲያ የሚያልፍ መኪና የለም። ፍርድ ቤቱም በሩን ቆለፈ። ቪዲዮው ሻርጃ ቀረ፣ እኛ ቆቦ ቀረን።

ያንን ጊዜ እንዴት እንደምገልጸው አላውቅም። ሰው አውራ ጎዳናው ዳር ቆሞ ባዶ አስፋልት ያያል። አንዱ ባጃጅ ከመጣ ሁሉም አንገቱን ያዞራል፤ ባጃጁ ግን ከገበያ እስከ ሆስፒታል ደርሶ ከመመለስ ሌላ መሄጃ የለውም። ወሬ በየሰዓቱ ይቀያየራል፣ እውነቱን የሚያውቅ የለም። ቤት መቀመጥ ሲያንገበግበኝ ወደ ቆርቆሮዋ ክፍል መሄድ ጀመርኩ። ሥራ የለም፣ ደንበኛ የለም። አያ እንድሪስ ግን ማለዳ መጥተው ጠረጴዛቸው ላይ ነጭ ነጠላ አንጥፈው ዕቃውን ደርድረው ይጠብቁኛል። ከሰባቱም ቀን አንድ አልቀሩም።

አገጣጠሙን በግምት ነው የደረሱበት። ብረቱ ሰሌዳው ላይ ይነጠፋል፣ ረጅሙን ቁልፍ የሚሸከመው ሽቦ ከሥር ይገባል፣ እያንዳንዱ ስዊች ደግሞ ሁለት የመዳብ እግሮች አሉት፣ እግሮቹ ሰሌዳው ላይ ካሉት ሁለት ቀዳዳዎች መግባት አለባቸው። እግሩ ትንሽ ከታጠፈ ስዊቹ የገባ ይመስላል እንጂ አይሠራም። ሽቦውን ሦስት ጊዜ ገልብጠው አስገብተውት ሦስት ጊዜ አወጡት። «ያ ረቢ፣ ይኼን የሠራ እጅ እንዴት ያለ ነው!» ይላሉ፣ ግንባራቸውን በሽርጣቸው ጫፍ እየጠረጉ።

የማልረሳው ነገር ግን ይህ ነው። ስዊቹን ከመክተታቸው በፊት ብድግ ያደርጉና እግሩን የታችኛው ከንፈራቸው ላይ ያስነኩታል። ቀስ ብለው ያዞሩታል፣ ዐይናቸውን ጨፍነው። ከዚያ ወይ ይከቱታል፣ ወይ በመቆንጠጫ ያቀኑትና እንደገና ከንፈራቸው ላይ ያደርጉታል። እያንዳንዱን እንዲህ ነው።

«አያ እንድሪስ፣ ሁሉንም ስመው ሊጨርሱት ነው?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ለሐያት ያልደረሰ ሰላምታ ነው» አሉና ሳቁ። እኔም የሽማግሌ ነገር ብዬ ተውኩት። «ልርዳዎት» ስላቸው፣ «የሁለት ወር ኮርስ ይህን አይጨምርም» ይሉኛል። ተናድጄ ወጥቼ እመለሳለሁ። የት ይሄዳል?

ስሕተቱ የመጣው ከድሮው ሙያቸው ነው። ታይፕ መኪና በየሳምንቱ ዘይት ይጠጣል፤ ሠላሳ ዓመት ያጠጡት እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ከፊት ለፊታችን ካለው ልብስ ሰፊ የስፌት መኪና ዘይት ለመኑና ለእያንዳንዱ ስዊች ጠብ ጠብ አደረጉለት። የባጃጅ ጠጋኙ ሶላር ስለነበረው ላፕቶፑን እዚያ አስሞልተን ሰካነው። አንዱን ቁልፍ ሲመቱት አራት ጊዜ ይጽፋል፣ ሌላው ጭራሽ ድምፁን አጠፋ። ዘይቱ ወርዶ ውስጡን አጥለቅልቆት፣ የራያ አቧራ ደግሞ ተጨምሮበት ውስጡ ጭቃ ሆኗል። አያ እንድሪስ ሽቦውን ከላፕቶፑ ነቅለው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። እኔ ያን ቀን እንደ ልጅ የማለቅስ መሰለኝ፤ ከዚያች ክፍል የሚወጣ አንድም ነገር ያለ አልመሰለኝም።

መታጠብ አለበት አለን የባጃጅ ጠጋኙ። በአልኮል። መድኃኒት ቤት ካለቀ ሰንብቷል። «አክስቴ ጠላ ቤት አንድ ጠርሙስ ካቲካላ አይጠፋም፣ ጉሮሮ የሚያቃጥል ኃይለኛ ነው» አልኩ፣ የሚሉትን ሳልጠብቅ ሄጄ አመጣሁ። ጠርሙሱን ሲያዩት ወንበራቸውን ወደ ኋላ ሳቡት።

«ወላሂ፣ ጎረቤት ቢያይ እንድሪስ በስተርጅና ጠጪ ሆነ ይላል።»

«በሩን እዘጋዋለሁ።»

«ኧረ ክፈችው! ተዘግቶማ ጭራሽ!»

ስዊቾቹን እኔ አጠብኳቸው፣ ፀሐይ ላይ አሰጣናቸው። ሲደርቁ እንደገና መክተት ነው። አያ እንድሪስ አንዱን አነሡ፣ ወደ አፋቸው አስጠጉ፣ ቆም አሉ። ሽታው አለ። መልሰው አስቀመጡት። ሌላውን አነሡ፣ እሱም ያው ነው።

«ከንፈሬ ስልሳ ዓመት ያልነካውን ዛሬ ለፕላስቲክ ብዬ አላስነካውም» አሉ። «ስንዱ፣ አንቺ እይልኝ። ቀጥ ብሏል?»

«በጣትዎ ይዳስሱታ፤ ምን ከንፈር ያስፈልገዋል?»

 ሁለቱንም እጃቸውን በነጠላው ላይ ዘርግተው አሳዩኝ። ጣቶቻቸው ጫፍ ላይ ያላየኋቸው የቃጠሎ ጠባሳዎች አሉ፣ የምድጃ፣ የሻይ ብርጭቆ።

«ጣቴ አይሰማኝም» አሉ። «ስኳሩ ነው። ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። ታይፕ ይናገራል፣ ኃይል ይፈልጋል፤ የላፕቶፑ ጠፍጣፋ ቁልፍ ግን ልንካው አልንካው አላውቅም። ድንጋይ ላይ የምጽፍ ነው የሚመስለኝ።»

ቅንጦት ብዬ በሆዴ የሳቅሁት ትዝ አለኝና አፈርኩ። «ለምን አልነገሩኝም?» አልኩ። ሞኝ ጥያቄ ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፣ ጸሐፊ ግን ጣቱ ሞቷል ከተባለ ማን ይመጣለታል?

ይህን ከተናገሩ በኋላ ማቆም አልቻሉም። ከመሳቢያቸው አንድ የክስ ቅጂ አወጡ። የእትዬ ዘሀራ ነው። እትዬ ዘሀራን ከተማው ሁሉ ያውቃታል፤ ከሮቢት ወዲህ ባለው ሜዳ ላይ ማሽላ የምታርስ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። እዚያ አገር ዝናብ ብቻውን አያበቅልም። ክረምት ላይ ከተራራ የሚወርደውን ጎርፍ በቦይ እየመሩ፣ በተራ ነው መሬታቸውን የሚያጠጡት። ከእሷ በላይ ያለው ጎረቤት የእሷን ተራ ዘጋባት፣ ከሰሰችው። ሦስት ምስክር ቆጠረች። ትልቁ ምስክሯ የባሏ ወንድም አያ ያሲን ነው፣ የውኃ አባት፤ ጎርፍ ሲመጣ «ተራው የእገሌ ነው» ብሎ የሚያደላድል፣ ቃሉ የሚሰማ ሰው።

ቅጂውን አየሁት። የምስክሮቹ ዝርዝር ላይ ሁለት ስም ብቻ አለ።

«ሦስተኛውን ጽፌዋለሁ» አሉ አያ እንድሪስ። «ዐይኔ እሷ ላይ እያለ ትንሿ ጣቴ ማጥፊያው ላይ አርፋ ኖሯል። መስመሩን በላችው። አልተሰማኝም፤ አላነበብኩትም።»

ያልተዘረዘረ ምስክር አይጠራም። አያ ያሲን በቀጠሮው ቀን ግቢው ዛፍ ሥር ቆሞ ውሎ ሳይጠራ ተመለሰ፤ እትዬ ዘሀራ ስሜን ከዝርዝሩ አውጥታዋለች ብሎ ተቀየመ። እሷም ከበላዩ ጎረቤት ጋር ተስማምቶ ራሱ ስሙን አስወጥቷል ብላ ደመደመች። ክሱን ተረታች፣ ማሽላዋም በዚያ ዓመት ውኃ ሳያገኝ ደረቀ። ያ ሁሉ አለፈ፤ ያላለፈው የሁለቱ ነገር ነው። አማቿን ለሰላምታ እንኳ ዐይኗን አታነሣለትም። የልጆቿ አጎት ነው፣ ልጆቿ በደጁ እንዳያልፉ ከልክላለች።

«ስምንት ወር ነው የማውቀው» አሉ።

እዚህ ላይ ምን እንዳልኩ መደበቅ አልፈልግም። «ዝም ይበሉ» አልኳቸው። «ኪቦርዱ ይገጠም፣ መንገዱ ሲከፈት አዲስ ክስ እንጽፍላታለን፣ ስሙን እናስገባለን፣ አያ ያሲን ይመሰክርላታል፣ ይታረቃሉ። ማን ያውቃል? ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።» የእሳቸው ስም የእኔም እንጀራ ነበር፤ ለእሳቸው የሚመጣ ሰው ነው ለእኔ ፎቶ ኮፒ የሚያስነሣው። አያ እንድሪስ ስዊቹን ነጠላው ላይ ወዲያ ወዲህ አንከባለሉት።

«እሺ» አሉ በመጨረሻ። «አዲሱ ክስ በደንብ ይጻፍና ይለቅ።»

ከዚያ በኋላ እግሮቹን እኔ እያየሁ፣ እሳቸው እየከተቱ በሁለት ቀን ጨረስነው። ሲሰካ ሁሉም መለሰ። የድምፁን ነገር እንዴት ልንገራችሁ! ቀጭ ቀጭ ቀጭ፣ ጥርት ያለ። አያ እንድሪስ ዐይናቸውን ጨፍነው አንድ ገጽ ሙሉ የሐያትን ሰላምታ ጻፉ፤ እኔ አየሁት፣ አንድ ፊደል አልጎደለም። «አልሐምዱሊላህ፣ በጆሮዬ ይሰማኛል፣ በክንዴ ይሰማኛል» አሉ። ደስ አላቸው፣ እኔም ደስ አለኝ። መንገዱ ግን ያኔም ዝግ ነበር፤ የጻፉትን የሚወስድ አልነበረም።

ከሳምንታት በኋላ መኪና ማለፍ ጀመረ፣ መብራቱም መጣ፣ ፍርድ ቤቱ ተከፈተ። የመጀመሪያው ቀን የተሰለፈውን ሰው ብዛት አትጠይቁኝ። የታመቀው ጉዳይ ሁሉ አንድ ላይ ፈረሰብን። ረፋዱ ላይ እትዬ ዘሀራ መጣች፣ ከኋላዋ አምስት ስድስት ሰው ቆሟል። የበላዩ ጎረቤት ለመጪው ክረምት ቦዩን ከአሁኑ መዝጋት ጀምሯል። አዲስ ክስ ትፈልጋለች።

አያ እንድሪስ እንደ ልማዳቸው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሰሟት። ከዚያ ጻፉ። እንዲያ አምሮባቸው ሲጽፉ አይቼ አላውቅም፤ ሰልፉ ሁሉ ጸጥ ብሎ ኪቦርዱን ይሰማል። ምስክር ላይ ደረሱ። ሁለቱን ስም ተናገረች።

«ሦስተኛስ?» አሏት፣ ድምፃቸው ትንሽ ቀጠነ። «ያሲንን ልጻፈው?»

«የማንን ስም ነው የሚጠሩብኝ?» አለች። «እሱ ከልጆቼ አፍ ውኃ የነጠቀ ሰው ነው። ስሙ እኔ ወረቀት ላይ አይወጣም። ምነው አያ እንድሪስ፣ እርሶም እያወቁ!»

አያ እንድሪስ እኔን አዩ። በዐይኔ «ይለፉት» አልኳቸው። ሁለት ስም ጽፈው መጨረስ ይችሉ ነበር። ያለ አያ ያሲን ቃል እንደምትሸነፍ ደግሞ እናውቃለን፤ ሁለታችንም። አያ እንድሪስ ሊያደርጉት ያሰቡት መልካም ነገር በራሳቸው ዝምታ ተቆልፎባቸው ቀረ።

እጃቸውን ከቁልፎቹ ላይ አነሡ።

«ያሲን ስሙን አላስወጣም» አሉ። «ስሙን ያወጣው የእኔ እጅ ነው። ጣቴ አይሰማኝም፤ ሳላውቅ አጠፋሁት፣ ሳላነብ ሰጠሁሽ። እሱ በዚያ ቀን ዛፉ ሥር ቆሞልሽ ነበር፣ እንዲጠሩት ሲጠብቅ።»

ከሰልፉ አንድ ሰው «አላህ!» አለ። እትዬ ዘሀራ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

«መቼ ነው ያወቁት?»

«አምና። ፍርዱ በተሰጠ በሳምንቱ።»

«በየገበያው ቀን ያገኙኝ ነበር» አለች። «'ዘሀራ፣ ማሽላው እንዴት ነው?' ይሉኝ ነበር።»

«እልሽ ነበር።»

 እሷ መሬቱን ስታይ ቆየች፤ ሰልፉም እንደ ቆመ ነው። መጨረሻ ላይ፣ «ይጻፉት» አለች። «ስሙን አስቀድመው ይጻፉት።»

እጃቸውን መለሱ።  ያ ጥርት ያለ ድምፅ ያለ ሥርዓት መንጫጫት ጀመረ፣ አንዱን ቁልፍ ሁለት ጊዜ፣ ሌላውን ከነጎረቤቱ። ተነሡና ወንበሩን ለእኔ ለቀቁልኝ። በቃላቸው ነገሩኝ፣ እኔ ጻፍኩ። ሲያልቅ ወረቀቱን ይዘው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጮክ ብለው አነበቡላት፣ አያ ያሲንም አንደኛ ምስክር ሆነ። እትዬ ዘሀራ አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ አሳረፈችበት፣ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው፣ ወረቀቱን አጣጥፋ ብብቷ ውስጥ ከተተችው።

በሩ ላይ ስትደርስ ዞረች።

«አያ እንድሪስ፣ ከዛሬ ጀምሮ ለእኔ አይጻፉልኝ» አለች። «ሰላምታዎን ግን አይንፈጉኝ።»

«እሺ» አሉ።

ፍርድ ቤት ገብታ ክሱን አስመዘገበች፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ያሲን ቤት እንደ ሄደች ሰማን። እኔ በአያ እንድሪስ ላይ ብዙ ቀን ተቆጥቼ ቆየሁ። ሰዉ ይቅር ብሏቸው ነበር፤ «አያ እንድሪስ ይጻፉልኝ» እያለ መምጣቱን አላቆመም። ኪቦርዱ አለ፣ ሰባውም ቁልፍ ይሠራል። እትዬ ዘሀራ የከለከለችው ለራሷ ብቻ ነው። እሳቸው ግን ከዚያ ቀን በኋላ ለማንም አልጻፉም።